ስታቲን፦ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በምን ይለያያሉ? ለእርስዎ የሚስማማውስ የትኛው ነው?

የደም ምርመራ ካደረጉ በኋላ «ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል» ተብለው መድኃኒት ታዞልዎት ይሆናል። በማዘዣው ላይ የተጻፈው አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን ሊሆን ይችላል። ጎረቤትዎ ግን የሚወስዱት ሌላ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ ሌላ ስም ያለው ኪኒን ይልካል። ያኔ «የእኔ ከእነሱ ያንሳል? ልቀይረው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ስታቲን የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የሚሠሩትም በአንድ መንገድ ነው። የሚለያዩት በጉልበታቸው፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በመስማማታቸውና በሚወሰዱበት ሰዓት ነው። ለጤናዎ ከስሙ በላይ የሚወስነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የታዘዘልዎት መጠን ላለብዎት አደጋ የሚበቃ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ወረደ ብለው ሳያቋርጡ መውሰድዎ።

ስታቲን በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። ሰውነት የሕዋስ ግድግዳን፣ አንዳንድ ሆርሞኖችንና ሐሞትን ለመሥራት ይጠቀምበታል። አብዛኛውን የሚያመርተውም ራሱ ሰውነት ሲሆን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጉበት ነው። ሥጋና ቅቤ የማያበዙ፣ ቀጭን የሆኑ ሰዎችም ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤልዲኤል በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነው። በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ቧንቧውን ያጠባል። የተጠራቀመው ነገር አንድ ቀን ቢሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋል። ይህ በልብ ላይ ሲሆን ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይከሰታል፤ በአንጎል ላይ ሲሆን ደግሞ ስትሮክ።

ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ጉበትም የጎደለውን ለማሟላት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ እየሳበ ይወስዳል። በዚህም በደም ውስጥ ያለው ይቀንሳል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለው ክምችትም እየረጋ የመሰንጠቅ ዕድሉ ያንሳል። በርካታ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር በቀነሰ ቁጥር ሃርት አታክንና ስትሮክን የመሳሰሉ ከባድ ችግሮች በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳሉ።

ከፍተኛ ኮሌስትሮል ራስ አያሳምም፣ አያደክምም። ስለዚህ መድኃኒቱን ሲጀምሩም የሚሰማዎት ለውጥ አይኖርም። «ምንም አልተሻለኝም» ማለት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ መሥራቱን የሚነግርዎት የደም ምርመራ ነው።

ስታቲን የሚታዘዘው ለማን ነው?

በአብዛኛው የሚታዘዘው ከዚህ በታች ላሉት ነው።

• ሃርት አታክ ለገጠማቸው፣ በልብ የደም ቧንቧ ውስጥ ስቴንት ለተደረገላቸው ወይም ከደም ቧንቧ መዘጋት የመጣ ስትሮክ ለያዛቸው። እነዚህ ሰዎች የኮሌስትሮል ቁጥራቸው «ኖርማል» ቢመስልም መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል።
• የስኳር ሕመም ላለባቸውና ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ለሆነ።
• ኤልዲኤላቸው 190 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ለሆነ። ይህ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ ወንድም፣ እህትና ልጆችም ቢመረመሩ ይመከራል።
• ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ማጨስና ሌሎች ነገሮች ተደምረው ሲሰሉ አደጋቸው ከፍ ያለ ሆኖ ለተገኙ።

የምርመራ ውጤትዎ ከውጭ አገር የመጣና በሚሊሞል በሊትር የተጻፈ ከሆነ የኤልዲኤሉን ቁጥር በ39 ያባዙት። ለምሳሌ 3 ሚሊሞል ማለት 117 ሚሊግራም ገደማ ነው።

በጉልበት ሲነጻጸሩ

የስታቲኖች ትልቁ ልዩነት ኤልዲኤልን ምን ያህል እንደሚያወርዱ ነው። ሐኪሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል። ሁሉም መጠኖች በቀን አንድ ጊዜ ለሚወሰድ ነው።

ከፍተኛ ጉልበት (ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያ በላይ የሚቀንሱ)
• አቶርቫስታቲን ከ40 እስከ 80 ሚሊግራም
• ሮሱቫስታቲን ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም

መካከለኛ ጉልበት (ከ30 እስከ 49 በመቶ የሚቀንሱ)
• አቶርቫስታቲን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም
• ሮሱቫስታቲን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም
• ሲምቫስታቲን ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም
• ፕራቫስታቲን ከ40 እስከ 80 ሚሊግራም
• ሎቫስታቲን 40 ሚሊግራም
• ፒታቫስታቲን ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም

ዝቅተኛ ጉልበት (ከ30 በመቶ በታች የሚቀንሱ)
• ሲምቫስታቲን 10 ሚሊግራም
• ፕራቫስታቲን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም
• ሎቫስታቲን 20 ሚሊግራም

ከዝርዝሩ እንደሚያዩት በኪኒኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ጉልበትን አይናገርም። ሮሱቫስታቲን 5 ሚሊግራም የሚሰጠው ውጤት ከሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ «የእኔ 40 ነው፣ የእሷ ግን 10 ብቻ ነው» ብሎ ማወዳደር ያሳስታል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአንድን ስታቲን መጠን በእጥፍ ማሳደግ ኤልዲኤልን በተጨማሪ የሚያወርደው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በራስዎ ሁለት ኪኒን መዋጥ ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን ሊጨምር ይችላል። ከፍተኛው መጠን ተሰጥቶም ኤልዲኤል ካልወረደ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይጨምራል።

እያንዳንዳቸው በአጭሩ

አቶርቫስታቲን፦ በሰፊው የሚታዘዝ ነው። በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም መውሰድ ይቻላል። የኩላሊት ሕመም ላለባቸው መጠኑን መቀነስ አያስፈልግም።

ሮሱቫስታቲን፦ በጥቂት ሚሊግራም ብዙ ይሠራል። በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል። ከባድ የኩላሊት ድክመት ላለባቸውና ዳያሊሲስ ላልጀመሩ ግን በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ ከ10 ማለፍ የለበትም። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ሮሱቫስታቲኑን ከዋጡ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ያድርጉት።

ሲምቫስታቲን፦ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣና 4,444 የልብ ሕመምተኞችን የያዘ የስካንዲኔቪያ ጥናት በሲምቫስታቲን የታከሙት ሰዎች የመሞት አደጋ በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ማታ ይወሰዳል። ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። የ80 ሚሊግራም መጠኑ ጡንቻን ስለሚጎዳ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር ወስኗል።

ፕራቫስታቲን፦ ጉልበቱ አነስ ያለ ነው፤ ሆኖም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ብዙም ስለማይጋጭ ብዙ ኪኒን ለሚወስዱ አረጋውያን ሊመረጥ ይችላል።

ሎቫስታቲን፦ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀደ የመጀመሪያው ስታቲን ነው። ከእራት ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ዛሬ ብዙ አይታዘዝም።

ፒታቫስታቲን፦ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች በስፋት የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚደርሱ ከባድ የልብና የደም ቧንቧ ችግሮችን በ35 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

አቶርቫስታቲን ወይስ ሮሱቫስታቲን?

በብዛት የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። በደቡብ ኮሪያ 4,400 የልብ ሕመምተኞችን ለ3 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ሁለቱን ፊት ለፊት አነጻጽሯል። በሃርት አታክ፣ በስትሮክና በሞት ረገድ ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ሮሱቫስታቲን ኤልዲኤልን በጥቂቱ የበለጠ አወረደ፤ በሌላ በኩል መድኃኒት የሚያስፈልገው አዲስ የስኳር ሕመምና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በእሱ ወሳጆች ላይ በመጠኑ በዝቷል። ስለዚህ በፋርማሲ በቀላሉ የሚያገኙትና ወር በወር መግዛት የሚችሉት ከሁለቱ አንዱ ከሆነ፣ በተመጣጣኝ መጠን እስከታዘዘልዎት ድረስ ጥሩ መድኃኒት ይዘዋል። ውዱን ጀምሮ በሦስተኛው ወር ከማቋረጥ ርካሹን ለዓመታት መውሰድ ልብዎን ይጠብቃል።

አብረው የማይሄዱ መድኃኒቶች

ለሐኪምዎና ለፋርማሲ ባለሙያው የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ። በተለይ የሚከተሉትን።

• አምሎዲፒን፦ ለደም ግፊት በጣም የተለመደ ነው። ከእሱ ጋር ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።
• ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል፦ ለኢንፌክሽንና ለፈንገስ የሚታዘዙ ናቸው። ሲምቫስታቲንና ሎቫስታቲን ከእነዚህ ጋር አይወሰዱም፤ አቶርቫስታቲንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት ስታቲኑን እንዲያቆዩት ሊነግርዎ ይችላል።
• የኤችአይቪ መድኃኒቶች፦ ሪቶናቪር ያለበት ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች ሲምቫስታቲንና ሎቫስታቲን መውሰድ የለባቸውም። ዶሉቴግራቪር ግን ከስታቲኖች ጋር አይጋጭም።
• ሪፋምፒሲን፦ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጥ ሲሆን የሲምቫስታቲንና የአቶርቫስታቲንን ኃይል ሊቀንስ ይችላል።
• ጄምፋይብሮዚል፦ ለትራይግሊሰራይድ የሚሰጥ ነው። ከስታቲን ጋር ሲሆን የጡንቻ ጉዳትን ይጨምራል፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሰጥም።
• ዋርፋሪን፦ ስታቲን ሲጀመር ወይም ሲቀየር የደም መርጋት ምርመራው መደገም አለበት።
• ግሬፕፍሩት፦ ይህ መራራ ፍሬ በብዛት ሲበላ ወይም ጭማቂው ሲጠጣ የሲምቫስታቲንን፣ የሎቫስታቲንንና በመጠኑም የአቶርቫስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። የተለመደው ብርቱካን ችግር የለውም።

የጎንዮሽ ጉዳት፦ ፍርሃቱና እውነታው

«ጉበት ያበላሻል»፣ «ጡንቻ ይጨርሳል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከመድኃኒቱ አርቋል። ነገሩን በቁጥር እንየው። ቀድሞ የልብ ወይም የደም ቧንቧ ሕመም ያለባቸው 10,000 ሰዎች ጉልበት ያለው ስታቲን ለ5 ዓመት ቢወስዱ፣ 1,000 የሚሆኑት ሊደርስባቸው ከነበረው ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም ተመሳሳይ ከባድ ችግር ይድናሉ። በዚያው ጊዜ 5 ያህሉ ላይ ከባድ የጡንቻ ጉዳት ይደርሳል። ከ50 እስከ 100 የሚሆኑት ደግሞ የስኳር ሕመም ይገኝባቸዋል፤ እነሱም በአብዛኛው ቀድሞውኑ ወደዚያው የተቃረቡ ናቸው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰውም ቢሆን ስታቲን ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል።

የጡንቻ ሕመምን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የተሠራ ጥናት ብዙ ያስተምራል። ቀደም ሲል «አልተስማማኝም» ብለው ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች አንዳንድ ወር እውነተኛውን መድኃኒት፣ አንዳንድ ወር መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። በስታቲኑ ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው መድኃኒት በሌለበት ኪኒን ጊዜም ተሰምቷቸዋል። ይህ ማለት ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው ማለት ነው፦ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቪታሚን ዲ እጥረት፣ ወይም ራሱ ፍርሃቱ።

ሕመሙ ከመድኃኒቱ ቢመጣ እንኳ መፍትሔ አለው። መጠን መቀነስ፣ ወደ ሌላ ስታቲን መቀየር፣ አንዳንዴም ሮሱቫስታቲንን ወይም አቶርቫስታቲንን ቀን እየዘለሉ መስጠት ይቻላል። አንዱ ያልተስማማው ብዙ ሰው ሌላው ይስማማዋል።

የሚከተሉትን ካዩ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ፦

• ከባድ የጡንቻ ሕመም ወይም ድክመት፣ በተለይ በጭንና በትከሻ
• ሽንትዎ እንደ ሻይ ወይም ኮካ ጠቁሮ መውጣት
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን

ጉበትን በተመለከተ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ መመርመር ይበቃል፤ ምልክት ከሌለ በየጊዜው መደጋገም አያስፈልግም። ከባድ የጉበት ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው። ንቁ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ለማርገዝ ካሰቡ፣ ካረገዙ ወይም እያጠቡ ከሆነ ስለ መድኃኒቱ ወዲያው ሐኪምዎን ያማክሩ። ለአብዛኞቹ ሴቶች በእነዚህ ጊዜያት ስታቲን ይቆማል።

በጾምና በዕለት ተዕለት ኑሮ

ስታቲን በቀን አንዴ የሚወሰድ በመሆኑ ለጾም አያስቸግርም። እስከ ከሰዓት የሚጾሙ ከምግብ በኋላ፣ በረመዳን የሚጾሙ ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት ሊወስዱት ይችላሉ። በጾም ወራት ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ስለሚቀር ኤልዲኤል በመጠኑ ሊወርድ ይችላል። ይህ ግን መድኃኒቱን አይተካም። በዚያ ላይ የጾም ምግብ በዘይት ከተዘፈዘፈ፣ በተለይ በሚረጋው የፓልም ዘይት፣ ጥቅሙ ይቀንሳል።

አንድ ቀን ቢረሱ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ለማካካስ ሁለት አይዋጡ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ሽፈራው በምግብ ውስጥ መጠቀም አይከለከልም። ስታቲንን በእነሱ መተካት ግን፣ በተለይ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ለገጠመው ሰው፣ አደገኛ ነው። አንዳቸውም ኤልዲኤልን በግማሽ እንደሚያወርዱና ሞትን እንደሚቀንሱ አልተረጋገጠም።

ከውጭ አገር መድኃኒት ሲላክልዎ

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የንግድ ስም ነው፤ ሥር ያለውን የመድኃኒቱን ስም ይፈልጉ። ሊፒቶር ማለት አቶርቫስታቲን ነው፤ ክሬስቶር ሮሱቫስታቲን፣ ዞኮር ደግሞ ሲምቫስታቲን ነው። ይህን ሳያውቁ ከፋርማሲ የገዙትንም የተላከልዎትንም አብረው ቢወስዱ ሁለት ስታቲን በአንድ ላይ ወሰዱ ማለት ነው፤ የጡንቻ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል። በቤት ውስጥ ያሉትን ኪኒኖች ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገው ወደ ሐኪምዎ ይዘው ይሂዱ።

«ቁጥሩ ወርዷል፣ አሁን ላቁም?»

አያቁሙ። ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው። ሲያቆሙ ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ኤልዲኤልም በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይወጣል። መድኃኒቱ እንደ ትኩሳት ማስታገሻ «እስኪሻልዎ» የሚወሰድ አይደለም። እንደ ደም ግፊት መድኃኒት በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። አንድ ሰው ስትሮክ ከያዘው በኋላ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው «መድኃኒቱን አቁሞ ነበር» የሚለውን ነው። ስለዚህ አባትዎ ወይም እናትዎ የሚወስዱ ከሆነ ኪኒኑ ከማለቁ በፊት መግዛቱን የቤቱ ኃላፊነት ያድርጉት።

ክትትሉ ከባድ አይደለም። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ምርመራ፣ ከዚያም ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ልዩነት መከታተል ነው።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

• የታዘዘልኝ በጉልበቱ ከየትኛው ደረጃ ነው? ለእኔ ይበቃል?
• ኤልዲኤሌ ስንት ነበር? ስንት እንዲደርስ ነው የምንፈልገው?
• ከሌሎቹ መድኃኒቶቼ ጋር ይጋጫል?
• ፋርማሲ ውስጥ ካጣሁት በምን መጠን በየትኛው ልተካው?
• ቀጣዩ ምርመራዬ መቼ ነው?

የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ኤልዲኤል ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው፤ አንዳንድ መመሪያዎች ከ55 በታች እንዲሆን ይመክራሉ። የእርስዎን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈው ከማዘዣዎ ጋር ያስቀምጡት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው። መድኃኒትዎን ለመጀመር፣ ለመቀየር ወይም ለማቆም ሁልጊዜ የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ።